«ብር» ከመቼ ጀምሮ ነው ብር የተባለው? ከአያቴ ሣጥን የወጣ ውልና አንድ የድሮ ኖት

ትርንጎ

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ናችሁ?

አያቴ ካረፉ በኋላ ቤታቸውን ስናስተካክል ከሣጥናቸው ሥር ሁለት ወረቀት ወጣ። አንዱ በእጅ የተጻፈ የብድር ውል ነው። ቀለሙ ቡናማ ሆኗል፣ ግን ይነበባል። አንድ ሰው ከአያቴ አባት «አሥራ ሁለት ጠገራ ብር» ተበድሮ ለመስቀል ሊመልስ ተስማምቷል። ከሥሩ የእማኞች ስምና የጣት አሻራ አለ።

ሁለተኛው የጃንሆይ ምስል ያለበት የወረቀት ገንዘብ ነው። በእንግሊዝኛው በኩል «አንድ የኢትዮጵያ ዶላር» ይላል። በአማርኛው በኩል ደግሞ ያው እንደዛሬው «ብር» ነው።

ቤት ውስጥ ክርክር ተነሣ። የእህቴ ባል «ብር የሚለውን ስም ያወጣው ደርግ ነው፣ ከዚያ በፊት ገንዘባችን ዶላር ነበር» አለ። እኔ ደግሞ አያቴ በሕይወታቸው ሙሉ ብር ሲሉ እንጂ ዶላር ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ «ብር የመጣው ከበረረ ነው፣ ከእጅ ስለሚበር» አለችኝ። አላሳመነችኝም።

እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ። ብር ለምን ብር ተባለ? ጠገራ ብር የሚባለውስ የቱ ነው? ዶላሩስ ከየት መጣ?

አንጥረኛው

ትርንጎ እህቴ፣ በመጀመሪያ የአያትሽን ነፍስ ይማር። ያንን ውል እንዳትጥይው አደራ።

እኔ የአንጥረኛ ልጅ ነኝ። ሙያውንም ወርሻለሁ። አባቴ ጠገራ ብር እያቀለጠ መስቀል፣ ድሪና አምባር ሲሠራ ወናፍ የምነፋው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ብር ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ማዕድኑ ነው።

ቃሉም የማዕድኑ ስም ነው። ብር ማለት ያ ነጭ የሚያበራ ማዕድን ነው። ግዕዙ «ብሩር» ይለዋል፣ ትግርኛም እስከ ዛሬ «ብሩር» ይላል። ጓደኛሽ ያለችው «በረረ» ለጨዋታ ያምራል እንጂ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ዛሬም ቢሆን ቃሉን በጥንቱ መልኩ እንጠቀምበታለን። የብር ቀለበት እንላለን። አትሌቶቻችን ሁለተኛ ሲወጡ ብር አመጡ እንላለን። ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ጋብቻ የብር ኢዮቤልዩ ይከበርለታል። በመጽሐፍ ቅዱሱ ይሁዳ የተቀበለው ሠላሳ ብር ነው። ካህናቱም «መዘኑለት» ነው የሚለው። ቆጠሩለት አይልም። ብር በሚዛን የሚሰጥ ነገር ስለነበረ ነው።

ማዕድኑ እንዴት የገንዘብ ስም ሆነ ካልሽኝ፣ መልሱ እዚያው ውልሽ ላይ ያለው ጠገራ ብር ነው።

ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ትልቅ ሳንቲም ነው። ማርትሬዛ የሚሉትም አሉ። ክብደቱ 28 ግራም ግድም ነው። መዳፍሽ ላይ ብታስቀምጪው መሐሉን ይሞላዋል። በአንድ በኩል ሻሽ ያደረገች ደልደል ያለች ሴት አለች፣ ፊቷን ወደ ቀኝ አዙራለች። ፀጉሯ ላይ ዘውድ መሳይ ጌጥ አለ። ትከሻዋ ላይ ደግሞ ዙሪያውን በእንክብል ፈርጥ የተከበበ ክብ ጌጥ አለ። ከደረቷ ሥር ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይታያሉ። የሁለት የሳንቲም ቤት ሹማምንት ስም መጀመሪያ ነው። በስተጀርባው ሁለት ራስ ያለው ንስር ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ጽሑፍ በጉልህ ወጥቷል። ይህ ጽሑፍ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ብሩን ከጫፉ ሸረፍ አድርጎ የሚሰርቅ ሰው ጽሑፉን ሳያበላሽ ሊሸርፍ አይችልም፣ ወዲያው ይታወቅበታል።

ዓመቱ ሁልጊዜ እ.ኤ.አ. 1780 ነው። ንግሥቲቱ ያረፈችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከቁጥሩ ተነሥተሽ «ይህቺ ሳንቲም ይህን ያህል ዕድሜ አላት» ማለት አትችይም። ጣሊያን አገራችንን ሊወርር ሲነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ከቪየና መምቻውን ወስዶ ሮም ላይ መምታት ጀመረ። እንግሊዞችም ቀጥለው ለንደንና ቦምቤይ ላይ መቱ። ሁሉም ላይ ያለው 1780 ነው።

ይህ ሳንቲም በቀይ ባሕር ንግድ በኩል ነው የገባው። ሕዝቡ አንዴ አመነው፣ ከዚያ ሌላ አልቀበልም አለ። ገበያ ላይ ሰው ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። የዘውዱን ፈርጥ፣ የትከሻውን እንክብሎች በጣቱ እየዳሰሰ ነው የሚያየው። ምስሉ ያለቀ ከሆነ ይመልሳል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምቱ በመንገድ ላይ ስንቅና የጭነት ከብት መግዣ ይህንኑ ሳንቲም በብዛት ከቪየና አስመትተው ይዘው መጡ። የራሳቸውን ፓውንድ ይዘው ቢመጡ ማን ይሸጥላቸዋል?

ከዚህ ጎን ለጎን አሞሌ ጨው ነበረ። ብር ለትልቁ ነገር፣ አሞሌ ለጥቃቅኑ። አሞሌው ከአፋር የጨው ሜዳ በራቀ ቁጥር ይወደዳል፣ ስለዚህ የአንድ ብር አሞሌ ብዛት ከአገር አገር ይለያይ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ፓሪስ ላይ አስመቱ። ላዩ ላይ ያለው ዓመት በግዕዝ ቁጥር 1887 ነው። ክብደቱን ከጠገራው ጋር እንዲቀራረብ አደረጉት። በአንድ በኩል የራሳቸው ምስል፣ በሌላው ሰንደቅ የያዘ አንበሳ። ከእሱ ጋር አላድ መጣ፣ የብር ግማሽ ነው። ሩብ መጣ። ተሙን መጣ፣ የብር አንድ ስምንተኛ። ግርሽ መጣ። ሆኖም ከከተማ ራቅ ሲባል ሰው ጠገራውን ነበር የሚመርጠው። የአያትሽ አባት ውል ላይ ዝም ብሎ «ብር» ሳይል «ጠገራ ብር» ተብሎ የተጻፈው ለዚህ ይመስለኛል። ተበዳሪው የሚመልሰው የትኛውን ብር እንደሆነ እንዲታወቅ።

አሁን ወደ ዶላሩ። ማርትሬዛዋ በአገሯ ስሟ «ታለር» ነው። ታለር የመጣው ቦሔሚያ ውስጥ ካለች ዮአኪምስታል ከምትባል የብር ማዕድን ከተማ ስም ነው። ያ ታለር የሚለው ቃል ነው ወደ ደች፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ «ዶላር» የሆነው። የአሜሪካኑም ዶላር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የኢትዮጵያ ዶላር ሲባል የኖረው ከጠገራ ብራችን ስም የወጣ ስም ነው። እኔ ይህን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ።

በአማርኛ ግን አንድም ጊዜ ዶላር ተብሎ አያውቅም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የወጡት የኢትዮጵያ ባንክ ኖቶች በፈረንሳይኛ «ታለር» ይላሉ፣ በአማርኛ ብር። ከጣሊያን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣው አዲሱ ገንዘብ በእንግሊዝኛ ዶላር ተባለ፣ በአማርኛ አሁንም ብር። እ.ኤ.አ. በ1976 ደርግ ያደረገው የውጭ ቋንቋውን ስም ወደ ብር መመለስ ነው። የእህትሽ ባል ያንን ሰምቶ ይሆናል። ስሙ ግን ከደርግም ከጃንሆይም በፊት የሕዝቡ ነበር።

የመርካቶ ልጅ

አንጥረኛው፣ እጅህ ይባረክ። እኔ ከታሪኩ ወርጄ ገበያ ውስጥ ስላለው ብር ልጨምር።

ስለ ሽልንግ ያነሣ የለም። እኛ ሰፈር ሃምሳ ሳንቲም ማለት ሽልንግ ነበር። ስሙኒ ደግሞ ሃያ አምስት። «ሽልንግ አበድረኝ» ብሎ ሃምሳ ሳንቲም የሚለው የለም ነበር። ልጅ ሆኜ ለምን የእንግሊዝ ስም እንደተሰጠው አይገባኝም ነበር። ኋላ ላይ ነው የገባኝ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በአገሩ ላይ የሚዘዋወረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር ሲወጣ አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። እንግዲህ ሽልንግ የብር ግማሽ ነው ማለት ነው። ሃምሳ ሳንቲም። ሽልንጉ ከገበያ ጠፋ፣ ስሙ ሃምሳ ሳንቲሙ ላይ ተለጥፎ ቀረ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ያ የመጀመሪያው ሃምሳ ሳንቲም ራሱ ከብር የተሠራ ነበር። አንጥረኛው ይህን ሳያቀልጥ አይቀርም!

ሳንቲም ራሱ ከፈረንሳዩ የመጣ ነው። ፍራንክም እንዲሁ። አሁንም የኔ ዘመን ሰው «ፍራንክ የለኝም» ሲል ትሰማላችሁ።

ገንዘብ ለሌለው ሰው ደግሞ አማርኛ ሞልቶ የተረፈው ቃል አለው። ሰባራ ሳንቲም የለኝም። ድምቡሎ የለኝም። ቤሳ ቤስቲን የለኝም። ቤሳው ከሕንዱ ፓይሳ ነው፣ ከባሕር ማዶ ነጋዴ ጋር የመጣ ነው። ሰው ሳንቲሙን አይቶት አያውቅም፣ ቃሉን ግን በየቀኑ ይጠራዋል።

ሱቅ ላይ ስትቆሙ ያለው ቋንቋ ደግሞ ሌላ ነው። «ዝርዝር አለህ?» ይባላል። ሁለት መቶ ብር ይዘህ ለሦስት እንቁላል ከመጣህ «ድፍን ነው፣ ዘርዝረህ ና» ትባላለህ። የተረፈህ ደግሞ «መልስ» ነው። ወያላው «መልስ የሚጠብቅ!» ይላል። ብዙ ብር ታስሮ ሲቀመጥ ረብጣ ነው። በእጅ የሚቆጠረው ጥሬ ብር ነው። ትንሽ ከሆነ ሽራፊ ሳንቲም። አሁን ሽራፊ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ አንጥረኛው ስለ ጠርዙ ሲጽፍ ትዝ አለኝ። ለካ ብርን መሸረፍ እውነተኛ ሥራ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የወረቀቱ አንድ ብር ቀርቶ ሁለት ቀለም ያለው የብረት አንድ ብር መጣ። ብር የሚባለው ነገር ከብዙ ዘመን በኋላ እንደገና ማዕድን ሆነ ማለት ነው። ብር ግን የለበትም።

ኦዳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እኔ ጅማ ነኝ። እኛ በኦሮምኛ ብርን «ቀርሺ» ነው የምንለው። መቶ ብርን «ቀርሺ ዲባ» እንላለን። ትግርኛ ተናጋሪ ጓደኞቼም «ቅርሺ» ይላሉ።

ይሄ ቃል አንጥረኛው ከጠቀሰው የምኒልክ ግርሽ ጋር ወንድማማች ነው። ሁለቱም ከዓረብኛው «ቂርሽ» ናቸው። ዓረብኛው ደግሞ ከጀርመኖቹ «ግሮሽን» ነው የተወሰደው። የሚገርመኝ ይሄ ነው። ግርሽ በአማርኛ የብር ትንሿ ክፍል ስም ሆኖ ቀረ። በመጀመሪያ የብር አንድ ሃያኛ ነበር፣ ኋላ ደግሞ አንድ አሥራ ስድስተኛ። በኦሮምኛና በትግርኛ ግን ያ ትንሽ ስም የሙሉው ብር ስም ሆነ። አንድ ገበያ ላይ ሦስት ሰው ቆሞ ስለ አንድ ኖት ሲያወራ ሁለቱ ቀርሺና ቅርሺ ይላሉ፣ አንዱ ብር ይላል። ማንም ሳይጠይቅ ይግባባሉ።

እኛ ቤት አያቴ ለሽማግሌ የሚሰጠውን ገንዘብ ሲቆጥሩ በኦሮምኛ ይጀምሩና ከአምስት በኋላ በአማርኛ «ስድስት ብር፣ ሰባት ብር» እያሉ ይቀጥሉ ነበር።

ጡረተኛው ባንከር

ትርንጎ ልጄ፣ እኔ በ1969 ዓ.ም. ኖቱ ሲቀየር ባንክ ውስጥ ጀማሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

የጃንሆይ ምስል ያለበት ኖት ተሰበሰበ። በምትኩ የመጣው ላይ የንጉሥ ፊት የለም። አንድ ብሩ ላይ ልጅ፣ በጀርባው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ። አምስት ብሩ ላይ ቡና የሚለቅም ሰው። አሥር ብሩ ላይ ሰፌድ የምትሰፋ ሴት። ሃምሳው ላይ የሳይንስ ተማሪዎች። ሰው ተሰልፎ ሲቀይር ትልቁ ወሬ የስሙ ጉዳይ አልነበረም። ወሬው የምስሉ ነበር። ገበሬው ከከብት ሽያጭ ያጠራቀመውን ከወገቡ ፈትቶ ሲያስቆጥር ሁልጊዜ እንደሚለው «ይህን ያህል ብር» ነው የሚለው። በአማርኛ የሚጻፈው ደብተርም እንደነበረው ቀጠለ። የተለወጠው በእንግሊዝኛ የምንሞላው ቅጽ ነው። ዶላር የምንለውን ብር ማለት ጀመርን።

ያንን ኖት ባንክ ወስደሽ ልትመነዝሪው አትችይም። መገበያያነቱ ያኔ አብቅቷል። ለመታሰቢያ ያዢው።

ሰው የማያነሣውን ሌላ ነገር ላንሣ። ጠገራ ብር ዋጋው በውስጡ ነው። አንጥረኛው ጋር ብትወስጂው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ በቃ። የወረቀቱ ብር ግን ዋጋው በሕግና በገበያ ነው። እኔ ስቀጠር አንድ የአሜሪካን ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፣ በቃላችን እናውቀዋለን። በ1985 ዓ.ም. ወደ 5 ብር ተደረገ። ያን ቀን ከውጭ ዕቃ የሚያስመጡ ደንበኞቻችን ፊታቸው ምን እንደሚመስል አልረሳውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ገበያ ትወጣላችሁ።

መስከረም 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ ኖቶች ሲወጡ ባለ ሁለት መቶው ተጨመረ። እኔ ባንክ ስገባ ትልቁ መቶ ብር ነበር። መቶ ብር የያዘ ሰው መንገድ ላይ ለማንም አያሳይም ነበር። የዛሬውን ባለ ሁለት መቶ ልጆቹ ኪሳቸው ውስጥ ጨምድደው ይዞራሉ። ይህ እውነት ልቤን ይነካዋል፣ አልደብቅም።

ትርንጎ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለእህቴ ባል አንብቤለታለሁ። «እንግዲያው በእንግሊዝኛው ነበር የሰማሁት» ብሎ ተቀብሏል።

ጋሼ፣ ስለ ኖቱ የነገሩኝን ሰምቻለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ። እኔም ስልኬን አየሁ። ቴሌብር ይላል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀኑ የምከፍለው በሱ ነው። ብሩ ማዕድን አይደለም፣ ወረቀትም አይደለም፣ ቁጥር ነው። ስሙ ግን አሁንም ብር ነው። ልጄም «ብሩ ገባልሽ?» ነው የምትለኝ።

አንጥረኛው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አሥራ ሁለት ጠገራ ብር ዛሬ ስንት ነው? ቤተሰብ ውስጥ ሁሉም ይጠይቀኛል።

አንጥረኛው

እህቴ፣ «አንቱ» አትበይኝ፣ ያን ያህል አላረጀሁም።

በዚያ ዘመን ምን ይገዛ ነበር የሚለውን አላሰላልሽም። ዓመቱና አገሩ ይለያያል፣ ውሉ ላይ ዓመት ካለ ያንን ይዘሽ የአካባቢውን አዛውንት ጠይቂ። በሚዛን ግን እነግርሻለሁ። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ከትንሽ ነገር ይመዝናል። ሁሉም ንጹሕ ብር አይደለም። ከሺህ 833 እጁ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ ነው። ስለዚህ በአንዱ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23 ግራም ከ4 ግድም ነው። አሥራ ሁለቱ ሲደመር 337 ግራም ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ ንጹሑ 281 ግራም ያህል ነው። የዚያን ቀን የብር ግራም ዋጋ ጠይቀሽ አባዢው።

አባቴ ለምን ጠገራ ይወድ እንደነበር ከዚህ ነው የሚገባሽ። ከሌላ ቦታ የመጣ ብር ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። ጠገራው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። መዳቡም ትንሽ ያጠነክረዋል፣ ለመስቀል የሚሆን ነው። ከአንዱ ጠገራ ሁለት የአንገት መስቀል ይወጣ ነበር። ከሰሉ እስኪያንጸባርቅ ወናፉን እነፋለሁ። መጀመሪያ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ያ ጽሑፍ ይጠፋል። ከዚያ ምስሉ ይደበዝዛል። ትንሽ ቆይቶ በአንዴ ተጠቅልሎ እንደ ውኃ ጠብታ ክብ ሆኖ ማቅለጫው ውስጥ ይንከባለላል። አባቴ እዚያች ሰዓት ላይ ማንም እንዲያናግረው አይፈልግም ነበር። የጎጃምና የወሎ ባላገር እናቶች አንገት ላይ ያለው ስንት መስቀል ማርያ ቴሬዛ እንደነበረ ሳስብ ይደንቀኛል። አንዳንዶቹ ደግሞ ሳያቀልጡ ጠገራውን ራሱን በስተው ድሪ ላይ ያንጠለጥሉታል። ያ ለኔ ይበልጥ ያምራል።

ቄራ አካባቢ

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። እኔ ዘንድ አንድ ጠገራ ብር አለ፣ ከአጎቴ ያገኘሁት። ግን ጓደኞቼ «ይሄ ሐሰተኛ ነው፣ ቱሪስት ላይ የሚሸጥ ነው» እያሉ ያበሽቁኛል። ሳላበላሸው እንዴት ላውቅ?

አንጥረኛው

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ በሎሚም በአመድም እንዳታሸው። ጥቁረቱ ዕድሜው ነው፣ ሰብሳቢ ሰው እንደዚያው ሆኖ ነው የሚፈልገው።

ማግኔት አስጠጋው። ብር ማግኔት አይስበውም። ከሳበው ብረት ነው፣ ጨዋታው እዚያ አለቀ። ካልሳበው ደግሞ ወርቅ ቤት ሄደህ አስመዝነው። ከ28 ግራም ብዙ ከወረደ ወይ በጣም አልቋል ወይ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ከበለጠም ጥሩ ምልክት አይደለም።

ከዚያ ጠርዙን ተመልከት። ጽሑፉ ጉልህ ሆኖ የወጣ መሆን አለበት። ሐሰተኞቹ ብዙ ጊዜ ጠርዛቸው ለስላሳ ነው፣ ወይም በመሐል የመጋጠሚያ መስመር ይታይባቸዋል፣ ሁለት ፊት ተጣብቆ ስለተሠራ ነው። ከደረቷ ሥር ያሉት ሁለቱ ፊደላት ኤስና ኤፍ መሆናቸውን አረጋግጥ። የትከሻዋን ጌጥ ደግሞ በአጉሊ መነጽር እየው። እንክብሎቹ አንድ በአንድ ተለይተው መታየት አለባቸው። በአሸዋ ቅርጽ ተቀድቶ የተሠራው ላይ እርስ በርስ ተላልሰው ይታያሉ፣ ፊቷም ትንንሽ ቀዳዳ ይኖረዋል።

ድምፁንም መስማት ትችላለህ። በጣትህ ጫፍ ላይ ሚዛኑን ጠብቀህ አስቀምጠውና በሌላ ሳንቲም ጠርዙን ቀስ አድርገህ ነካ አድርገው። ብር ረዘም ያለ ቀጭን ድምፅ አለው። እርሳስ ያለበት ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። ድንጋይ ላይ አትጣለው፣ ድሮ ገበያ ላይ እንደዚያ ያደርጉ ነበር፣ ግን ጠርዙን ይጎዳዋል።

ወርቅ ቤት ስትሰጠው ዓይንህ እያየ ይመዝኑት። በሞረድ ልሞርደው፣ ልፋቀው የሚል ካለ እምቢ በለው። በአሲድ ካልፈተንኩት የሚልህም ካለ ከፊቱ ላይ ሳይሆን ከጠርዙ፣ ያውም ከጽሑፉ ውጭ ካለች ቦታ ብቻ ይሁን።